ከጠረጴዛው ላይ የተነሱት ወታደሮች

እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ውስጥ አንድ ሽልንግ የከፈለ ሰው የዋተርሉን ጦርነት ቁልቁል እንደ ንስር ማየት ይችል ነበር። ዊሊያም ሳይበርን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ ቁመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ከ70,000 በላይ የብረት ወታደሮችን በአንድ ግዙፍ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ነበር። ጠረጴዛው በሁለቱም አቅጣጫ ከ5 ሜትር ያልፋል። ኮረብታው፣ አጥሩ፣ የእርሻ ቤቱ፣ የጠመንጃው ጢስ ሳይቀር በላዩ ነበር።

ይህን ሰምቶ «አሻንጉሊት ነው» የሚል ሰው ቀጥሎ የሆነውን ያዳምጥ። የዚያ ጠረጴዛ ወታደሮች የዘመኑን ኃያላን እንቅልፍ ነስተዋል።

ሥራው የተጀመረው በ1830 በራሱ በጦሩ የበላይ አዛዥ ትእዛዝ ነው። ሳይበርን ወደ ቤልጅየም ሄደ፤ በውጊያው መሐል በነበረው በላ ሄ ሴንት የእርሻ ቤት 8 ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያም በሕይወት ለነበሩ መኮንኖች ደብዳቤ በተነ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ክፍላችሁ የት ቆሞ ነበር? ፊት ለፊታችሁ የነበረው የጠላት ጦር በምን ዓይነት ሰልፍ ነበር? በመሬቱ ላይ የነበረው አዝመራ ምን ነበር? እያለ ጠየቀ። መልሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ደብዳቤዎች መጣለት። በሞዴሉ ላይ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ምስል ከጀርባው ምስክር ነበረው ማለት ይቻላል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከምስክርነቱ ነው። መኮንኑ የሰበሰበው ማስረጃ እንደሚለው፣ በዚያች ወሳኝ ሰዓት የፕሩሲያ ጦር በብዛት ወደ ውጊያው ገብቷል። ድሉ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለዌሊንግተን መስፍንና በዙሪያው ለነበሩት የሚመች ወሬ አልነበረም። «ፕሩሲያውያኑ በዝተዋል፤ ይህን የሚያይ ሰው ድሉ የእነሱ ይመስለዋል» የሚል ቅሬታ ከላይ ወረደ። የመንግሥት ገንዘብ አስቀድሞ በ1833 ተቋርጦበት፣ ሳይበርን በብድር ላይ ነበር። ታገለ፤ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን እጅ ሰጠ። ከፕሩሲያውያኑ ብዙዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሞዴሉ ዛሬም ለንደን በሚገኘው በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆሟል። የተነሱት ግን አልተመለሱም።

እስቲ አንባቢ ልብ ይበል። መጽሐፍ አልነበረም፤ ጋዜጣም አልነበረም። ከአንድ የስንዴ ዘለላ የማትበልጥ የብረት ቁራጭ ናት የአገር መሪዎችን ያሳሰበቻቸው። ለምን? መጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ግን ማንበብ የማይችልም ያየዋል። ያየውንም «እንዲህ ነበር» ብሎ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች የዚህችን ትንሽ ምስል ጉልበት ከአርቲስቶች ቀድመው ያወቁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን መቅረጽና በዘይት ቀለም መቀባት የልጅ ጨዋታ አይደለም። የሥራ ፈት ሀብታም መዝናኛ ብቻም አይደለም። የታሪክ ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ወይ እውነት ይናገራል፣ ወይ በሐሰት ይመሰክራል፤ መሐል ቤት የለውም።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። በሰፊው የሚሠራበት መጠን 54 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን አንድ ሚሊ ሜትር የእውነተኛውን ሰው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወክላል። የሰው ዐይን ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ቀራፂው ቀጭን ሽቦ አጣጥፎ አጽሙን ይሠራል። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ እየለጠፈ፣ በመርፌና በትንሽ ቢላ ሥጋውን ያወጣል። መጀመሪያ ራቁቱን ሰው ይሠራል፤ ከዚያ ያለብሰዋል። ልብሱን ብቻ የሚቀርጽ ሰው ባዶ ከረጢት ነው የሚያቆመው። ዝናሩ በጥይት ሲሞላ ወገቡን ወዴት ይጎትተዋል? ጠመንጃ ለረጅም መንገድ የተሸከመ ትከሻ ወዴት ያዘነብላል? የደከመ ሰው ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ ይጥላል? ይህን የማያውቅ እጅ ሰው አይቀርጽም።

ቀጥሎ ቀለሙ ይመጣል። ዛሬ ብዙው ሰው በውኃ የሚቀጥነውንና በደቂቃዎች የሚደርቀውን አክሪሊክ ይመርጣል። የዘይት ቀለም ግን የተልባ ዘይት ነው የሚይዘው፤ ቀናት ይወስዳል። ባለሙያው ቀለሙን አስቀድሞ በካርቶን ላይ ያሳድራል፤ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን መጥጦ ቀለሙ እንዳያብረቀርቅ። ከዚያ በአክሪሊክ በተሠራው መነሻ ላይ በጣም ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ጥላውን ከብርሃኑ ጋር፣ ሁለቱም እርጥብ ሳሉ፣ በደረቅ ብሩሽ ያዋህዳቸዋል። በ2015 ያረፈው የቺካጎው ሼፐርድ ፔይን በዚህ ሙያ ስሙ የሚጠራው፣ ምስሎቹን ብቻቸውን ከማቆም ይልቅ ታሪክ በሚናገር ትዕይንት ውስጥ ስለሚያስገባቸው ነው። የአንድ ሰው ፊት ብቻ ብዙ ምሽት ሊወስድ ይችላል። ዘገምተኛነቱ ጉድለት አይደለም። ያንን ፊት ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

የሙያው የመጀመሪያ ፈተናም እዚሁ ፊት ላይ ነው። ለረጅም ዘመን የማስተማሪያ መጻሕፍቱ «የሥጋ ቀለም» ሲሉ የአውሮፓውያንን ሮዝማ ቆዳ ማለታቸው ነበር። ጥቁር ወታደር ሲመጣ አንድ ወጥ ቡናማ ተቀብቶ ያልፋል፤ ጥላ የለው፣ ብርሃን የለው፣ ጉንጭ የለው። የዘይት ቀለምን የሚያውቅ እጅ ግን ጥቁር ቆዳን በጥቁር ቀለም አይሠራም። የተቃጠለውን ቡናማ ከቀይ አፈርማው ጋር ያዋህዳል፤ ጥላው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጣል ያደርጋል፤ ግንባሩና የጉንጩ አጥንት ላይ የሰማይ ብርሃን እንዲያርፍ ይተዋል። አንዱ ወታደር የቀይ ዳማ፣ ሌላው የጠይም፣ ሌላው የጥቁር ፊት ይኖረዋል። አንድ ወጥ ቡናማ የቀባ ሰው ግን ያሳየው ነጠላ ነገር ስንፍናውን ነው።

ይህ ስንፍና ታሪክ አለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ፋብሪካ የብሪተን ኩባንያ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን ለገበያ አቅርቦ ነበር። የለንደን ልጅ የጋዜጣውን ጦርነት በምንጣፉ ላይ ይዋጋ ነበር ማለት ነው። በሳጥኑ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ባዶ እግሩን ይሰለፋል። ባዶ እግር መሆኑ ውሸት አልነበረም፤ ብዙው ወታደር ጫማ አልነበረውም፤ ማንም በዚህ ሊያፍር አይገባም። ጉዳዩ ሌላ ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጣ አንድ ሰው፣ አንድ ፊት፣ እየተደጋገመ ሠራዊት ሆነ። የመርዝ ጋዝ የወረደበት ሕዝብ በሳጥን ውስጥ ስም የሌለው ዓይነት ሆኖ ተሸጠ። መርዙን በሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጠ አልነበረም።

የሙያው ትልቁ ኃጢአት ይሄው ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። በየኤግዚቢሽኑ ከሚሰለፉት ምስሎች መካከል የናዚው ኤስ ኤስ ወታደር ከተወዳጆቹ አንዱ ነው። የካፖርቱ ስፌት ትክክል ነው፤ የኮሌታው ምልክት ትክክል ነው፤ የቦት ጫማው ጭቃ ሳይቀር በዘይት ቀለም ተጠንቶ ተቀብቷል። ሰውየው ከቆመበት ጀርባ የነበረው ጉድጓድና በውስጡ የተደፉት ሰዎች ግን የሉም። ቁልፉ ሁሉ እውነት፣ ጠቅላላው ውሸት! «እኔ ዩኒፎርም ነው የሠራሁት፤ ፖለቲካ አያገባኝም» የሚል ባለሙያ ከሳይበርን ያነሰ ሰው ነው። ሳይበርን ቢያንስ ተገዶ ነው ያነሳቸው፤ ይሄኛው ማንም ሳያስገድደው ነው የተዋቸው።

«ታዲያ ይቅራ!» የሚል ይኖራል። ጦርነት ባደቀቀው ዓለም፣ በተለይም የእናቶች እንባ ባልደረቀበት አገር፣ የወታደር ምስል ማሳመር ምን የሚሉት ሥራ ነው? ጦርነትን ማስወደድ አይደለም ወይ? ጥያቄው የጨዋ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጨዋታ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የሰውየው ሐሳብ፣ ጦርነት ያማረው ሁሉ በወለል ላይ ይዋጋና ይውጣለት፣ እውነተኛውን ግን ይተው የሚል ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ዌልስ ተሳስቶ ነበር፤ አሻንጉሊት ጦርነትን አይተካም። ግን የተገላቢጦሹም ስህተት ነው። ጦርነትን የሚያስወድደው ትንሹ ምስል አይደለም። በፈረስ ላይ የተቀመጠው ግዙፍ ሐውልት፣ ፖስተሩ፣ የፉከራው ቪዲዮ፣ ፎቶ አልባው የድል መግለጫ ነው የሚያስወድደው። ሐውልት አንድ ሰው ያቆምና ሌላውን ሁሉ ይረሳል። መግለጫ «ጠላት ተደመሰሰ» ይልና ያልፋል፤ የተደመሰሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

የጦር ሜዳ ሞዴል ግን እንዲህ ማምለጥ አይችልም። ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በእጅ ተነስቶ መቀመጥ አለበት። ሠሪው ሳይወድ በግድ ይቆጥራል። ማን እዚህ ቆሞ ነበር? ስንት ነበሩ? ከቆሙት ስንቱ ወደቀ? የወደቀውስ ፊቱ ምን ይመስላል? የወደቀውን ሰው ፊት ለብዙ ምሽት ሲቀባ የከረመ ሰው ለፉከራ የሚሆን ምራቅ አይተርፈውም።

ይህ ሙያ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ የሚመስለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ምክንያቱም የጥቁር ሕዝብ ታላቁ የጦር ሜዳ ዓድዋ ነው፤ በዓድዋ ጠረጴዛ ላይ ማን ይቆማል የሚለው ጠብ ደግሞ ዛሬም በየስልኩ እየተካሄደ ነው።

የዓድዋ ሥዕል ባህል አለ፤ የከበረም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከሠራዊታቸው ጋር በአንድ ወገን፣ ጣሊያኖቹ በሌላው። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ሳይቀር ይገኛል። በዚህ ባህል የወገን ፊት በሁለት ዐይን ሙሉ ሆኖ ይሣላል፤ የጠላት ፊት በጎን፣ በአንድ ዐይን። ይህ ድክመት አይደለም፤ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሥነ መለኮት ነው። ሠዓሊው ምን እያለ እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል። ቅርፅ ግን ዙሪያውን ይታያል። በጎን ብቻ የሚታይ የጣት ቁመት ሰው የለም፤ ጠረጴዛውን የዞረ ሰው ሁለቱንም ዐይን ያያል። የጠላትንም።

እንግዲህ አንድ ብርቱ ኢትዮጵያዊ ቀራፂ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለዳን በጠረጴዛ ላይ ልሥራ ብሎ ይነሳ። ከማዶ በኩል የባራቲየሪ ጦር አለ፤ ከ17,000 በላይ ሰው፣ 56 መድፍ። አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ፣ ኤሌና፤ ኮረብታው ለያይቷቸዋል። ከወገን በኩል ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት። ይህን ሁሉ በቁጥሩ መሥራት ስለማይቻል አንዱ ምስል ለብዙዎች መቆሙ ግድ ነው። ፈተናው እዚህ ይጀምራል፤ ለማን ቆሞ?

የሸዋ ጦር ብቻ ነው? የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የት ቆሙ? የሐረርጌው ራስ መኮንን፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የትግራዩ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ፣ የላስታና የዋግ ሰዎች የት አሉ? የኦሮሞው ፈረሰኛስ? ዛሬ ድሉን «የእኛ ብቻ» የሚለውም፣ «እኛ የለንበትም» የሚለውም ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሊያነሳ የሚፈልግ ነው። አንዱ የሌላውን ያነሳል፤ ሌላው ከቁጭት የተነሳ የራሱን ያነሳል። ሁለቱም የለንደኖቹን ሹማምንት ሥራ ነው የሚሠሩት።

ሠሪው ሐቀኛ ከሆነ በዚህ አያቆምም። ያ ሁሉ ሠራዊት በአየር አልመጣም። በቅሎው፣ ጭነቱ፣ ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት፣ ውኃ በቅልና በእንስራ ተሸክማ ወደ ተዋጊው የሮጠችው፣ ቁስለኛ ያነሳችው፣ ጌታውን ተከትሎ ጋሻ የተሸከመው ልጅ፤ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። ጎፈርና ለምድ የለበሰውን መኳንንት መቀባት ያስደስታል፤ ወርቁና ሐሩ ለዘይት ቀለም የተፈጠረ ነው። አቧራ የጠጣ ነጠላ መቀባት ግን የበለጠ ችሎታ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው የለበሰው ደግሞ ያንን ነው። ውጅግራ የያዘ አለ፤ ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘም አለ። ሁሉንም ባለ ጎፈር ያደረገ ሠሪ ሁሉንም ባለ አንድ ፊት ካደረገው ፋብሪካ በምን ይሻላል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው። በአልቤርቶኔ ጦር ውስጥ የቆሙት አብዛኞቹ ጣሊያኖች አልነበሩም፤ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። በዚያ ማለዳ የውጊያውን የመጀመሪያ መዓት የተቀበሉት እነሱ ናቸው። «ባንዳ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ምስሉን መቅረጽ ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ፊቱ ከፊት ለፊቱ ከቆመው ሰው ፊት ጋር አንድ ነው። ባለሙያው ለሁለቱም ከአንድ የቀለም ሳህን ነው የሚጨልፈው። ከድሉ በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጉት የጣሊያን ምርኮኞች በሕይወት ተይዘው በኋላ አገራቸው ገቡ። ከተማረኩት አስካሪዎች ግን በመቶ የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። በዘመኑ ለክህደት የሚሰጥ ቅጣት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የሆነ ነገር ነው። ይህን የዓድዋን ክብር ለመቀነስ የሚያነሳው አለ፤ ለክብሩ ሲል የሚደብቀውም አለ። ዓድዋ ግን በአንድ እውነት የሚፈርስ የሸክላ ድል አይደለም። በአፍሪካ ምድር የአውሮፓን ቅኝ ገዥ ጦር የሰበረ፣ ዓለም ያወቀው ድል ነው። እውነቱን ሁሉ ተሸክሞ መቆም ይችላል። የማይችለው የፈሪዎች ዓድዋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ቁልፍና ስፌት ከመቁጠሩ በፊት ሰው ይቁጠር። ፊትን በጅምላ አይቀባ። የወደቀውን ከቆመው እኩል ይቅረጽ። ያላየውንና ማስረጃ የሌለውን ከራሱ አይጨምር፤ ማስረጃ ያለውን ደግሞ ማንም ቢቆጣ አያንሳ።

ከሌላውም የሚጠበቅ አለ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን ሙያ «አሻንጉሊት» ብሎ ከመናቅ ይውጣ፤ ሽቦ፣ ሊጥ፣ ጥቂት ብልቃጥ ቀለምና የተልባ ዘይት የሐውልት ነሐስን ያህል ወጪ አያስወጣም። የታሪክ ምሁር ከቀራፂው ጎን ይቀመጥ፤ «ይህ ክፍል በዚህ ሰዓት እዚህ አልነበረም» የሚለው እሱ ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ባለሥልጣንም ሆነ ባለሀብት፣ ገንዘቡ ጠረጴዛውን እንጂ በጠረጴዛው ላይ የሚቆመውን ሰው እንደማይገዛ አስቀድሞ ይወቀው። አስተማሪም ልጆቹን ይዞ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቆም፣ «ጀግናው የትኛው ነው?» ከማለቱ በፊት «እዚህ ያልቆመ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቅ።

በጥንቷ ግብፅ አሲዩት ውስጥ፣ መሰህቲ በተባለ ሹም መቃብር የተገኙ የእንጨት ወታደሮች ዛሬም አሉ። 4,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። 40 ግብፃውያን ጦረኞች፣ 40 የኑቢያ ቀስተኞች። ጠራቢው ኑቢያውያኑን አልተዋቸውም፤ ቆዳቸውን አጥቁሮ፣ የወገብ ልብሳቸውን በቀለም አስጊጦ፣ በየቁመታቸው አቆማቸው፤ ረጅሙ ረጅም፣ አጭሩ አጭር። ሹሙ ማን እንደነበር ዛሬ ብዙ ሰው አያውቅም። ቀስተኞቹ ግን ቆመው ይታያሉ፤ ያን ቀን አንድ ሠራተኛ ከሰልፉ ስላላነሳቸው።